ካርታ የሌለው ቤት፣ ሐዋሳ ዳቶ አካባቢ፦ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ?

ቤት ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዳቶ አካባቢ 200 ካሬ (10 በ20) ላይ ያረፈ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት አግኝቻለሁ። ሻጩ 1.8 ሚሊዮን ይላል፤ ደላላው 1.65 ላይ እንደሚዘጋ ነግሮኛል። ካርታ የለውም። የታየኝ በሻጩ አባት ስም ያለ አረንጓዴ ደብተር (ፎቶ ኮፒ)፣ ከ2009 ጀምሮ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝና በሻጩ ስም የገባ የመብራት ቆጣሪ ነው። አባትየው በሕይወት አሉ።

ሻጩ "ሽያጭ ብለን ከጻፍን ያስጠይቃል፣ የብድር ውል እናድርገው፣ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ። ለሰነድ አልባ ቤቶች ዘንድሮ ካርታ ስለሚሰጥ ያኔ ስሙን አዞርልሃለሁ" ይላል። ዓርብ 200 ሺህ ብር ቀብድ ይፈልጋል። የብድር ውሉ ይጠብቀኛል? የትኛው ቢሮ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ? ቦታው ላይስ ምን ማየት አለብኝ?

ማኅደር አገላባጭ፦

ወንድሜ፣ ዓርብ ቀብድ እንዳትከፍል። ቤቱ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም፤ ሰውየው ምን ሊያስተላልፍልህ እንደሚችል ገና አልታወቀም።

"ካርታ የለውም" በሚለው ቃል ስር የማይገናኙ ነገሮች ይሸጣሉ። ማዘጋጃ ቤት ማኅደር እያለው ካርታው የጠፋ ወይም በሟች ስም የቀረ ነባር ይዞታ አለ። እዚያ የጎደለው ወረቀት እንጂ መብት አይደለም፤ ሻጩ አስተካክሎ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። በሊዝ፣ በማኅበር ወይም በምትክ ተሰጥቶ ስሙ ያልዞረ ቦታም አለ። ከዚያ ከተማው ሲሰፋ ወደ ውስጥ የገባ፣ ግን ካሣ ተከፍሎበት ለከተማው ያልተላለፈ የአርሶ አደር ማሳ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ቦታ ወይም ለጎርፍ መውረጃ በተከለለ መሬት ላይ በሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት አለ። እሱን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ያንተ የአርሶ አደር ማሳ ይመስላል። የሐዌላ ቱላ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማው አስተዳደር ከገቡ ወዲህ ከዳቶ እስከ ጨፌ ድረስ በብዛት የሚሸጠው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አረንጓዴው ደብተር የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የገጠር መሬት አዋጁም፣ ቀድሞ 456/1997፣ አሁን 1324/2016፣ ለአርሶ አደሩ የሰጠው የመጠቀም፣ የማከራየትና ለቤተሰብ የማውረስ መብት ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ የሠራውን ቤት መሸጥ ይችላል፤ ቤቱ ያረፈበትን ቦታ ከቤቱ ጋር ሊያሻግርልህ የሚችለው ግን ቦታው ላይ ሕጋዊ ይዞታ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው አይደለም። ልጅየው በዚያ 200 ካሬ ላይ በስሙ የተመዘገበ ነገር አለው ወይ? አባቱ ሰጥተውት ከሆነ ስጦታው በገጠር መሬት መዝገብ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ የአባቱን ነገር ነው የሚሸጥልህ።

ደረሰኙን ዓመቱን ቆጥረህ አትለፈው፤ የክፍያውን ምክንያት አንብብ። "የገጠር መሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር" ካለና ስፋቱ በሄክታር ከተጻፈ የተከፈለው ለአባትየው ማሳ በሙሉ ነው። "የቤትና የቦታ ግብር" ብሎ በካሬ ሜትር ከጻፈ ግን ከተማው ቤቱን አንድ ጊዜ መዝግቦታል ማለት ነው፤ የሚፈለግ ማኅደር ሊኖር ይችላል። ያም ሆኖ የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን እንጂ ይዞታን አያረጋግጥም። የመብራት ቆጣሪም እንዲሁ።

"ዘንድሮ ካርታ ይሰጣል" የሚለውን እንፈትሸው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721፣ አንቀጽ 6 ላይ፣ ሥልጣን ያለው አካል ሳይፈቅድ የተያዘ ቦታ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው ከከተማው ፕላንና ከሽንሻኖ ስታንዳርዱ (ቦታ ከሚቆራረስበት ልክ) ጋር ሲጣጣም ነው፤ ከተፈቀደም በሊዝ ይተዳደራል፣ ማለትም የሊዝ ክፍያ አለው። አዋጁ ለዚህ ሥራ የሰጠው ጊዜ 4 ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው በየክልሉ መመሪያ የሚወሰን ሲሆን፣ መመሪያ ደግሞ "እስከዚህ ቀን ድረስ የተሠራ" የሚል ቀን ይዞ ነው የሚመጣው። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ቀበሌው ተካቷል? ቤቱ በሰነድ አልባ ቤቶች ቆጠራ ጊዜ ተመዝግቧል? የተመዘገበው በማን ስም ነው? በእሱ ስም ከሆነ ካርታውም በእሱ ስም ይወጣል፤ ገንዘቡ ኪሱ ከገባ በኋላ ስሙን ማዞር አለማዞሩ የእሱ ፈቃድ ይሆናል።

ለቢሮው ጥያቄህ፦ ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ መሬት አስተዳደር ሂድ። ብቻህን ከሄድክ የሌላ ሰው ማኅደር አይከፈትልህም፤ ሻጩና አባትየው ራሳቸው ማመልከቻ ያስገቡ። ማመልከቻው ላይ ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ለልማት ተከልሎ ወይም የማስነሻ ማስታወቂያ ወጥቶበት እንደሆነ፣ እገዳ ወይም ክርክር እንዳለበት ይጠየቅ። መልሱ በደብዳቤ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ይሁን። "ባለሙያውን አናግረነዋል፣ ችግር የለውም" የሚል የቃል መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም። የካዳስተር ምዝገባ (የእያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ወሰንና ባለይዞታ የሚመዘግበው) ቀጠናው ላይ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ቁራሽ መሬቱ የራሱ መለያ ኮድ ይኖረዋል፤ ኮዱን ጠይቅ።

ውል አርቃቂ፦

ስለ ብድር ውሉ እኔ ልመልስ። ሰፈር ውስጥ በብዛት የሚደረገው እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ጠንካራ ይመስለዋል።

የብድር ውል ስትፈርም ገዢ መሆንህ ይቀርና አበዳሪ ትሆናለህ። ሻጩ ከአራት ዓመት በኋላ የቦታው ዋጋ ሲንር፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን 1.65 ሚሊዮን ይዞ መጥቶ "ብድሬን ልክፈል፣ ቤቴን ልቀቅ" ቢልህ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለእሱ ነው። ሽማግሌዎቹ "እውነቱ ሽያጭ ነበር" ብለው እንዲመሰክሩልህ ብትጠራቸውም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 ይቆምብሃል፤ የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፣ በምስክር አይስተባበልም። ወለድ ካልተጻፈበት ደግሞ ገንዘብህ ያለ ወለድ ነው የሚመለሰው። ጥቅሙ አንድ ነው፦ ሻጩ ሙሉ በሙሉ ቢክድህ ቢያንስ ገንዘብህን ትጠይቅበታለህ፤ ያውም የሚከፍልበት ንብረት ካለውና 10 ዓመቱ የይርጋ ጊዜ ካላለፈብህ ነው።

"ሽያጭ" ብላችሁ የመንደር ውል ብትጽፉስ? የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ቁጥር 2877 ይላል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 እንዲህ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን መዋዋሉን ካልካደ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል። ስለዚህ የመንደር ውል ዕድሜው የሻጩ ቃል እስከቆመ ድረስ ነው። ሻጩ ቢሞትስ? ወራሾቹ "አናውቅም" ይላሉ። ውሉ ሲፈርስ በቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ አንተ የከፈልከውን ብር ትወስዳለህ፣ ብሩ ያኔ የሚገዛውን ግን አትወስድም።

ውልና ማስረጃ ለምን አንሄድም ትል ይሆናል። የቤት ሽያጭ ለማረጋገጥ መጀመሪያ የሚጠይቁት የባለይዞታነት ማስረጃውን፣ ማለትም ካርታውን ነው፤ ከመሬት አስተዳደርም ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ይጣራል። ካርታ የሌለው ቤት እዚያ መስኮት ላይ ነው የሚቆመው። ያኔ ደላላው "በውክልና እንጨርሰው" ይልሃል። ውክልና ማለት ሻጩ ቤቱን በእሱ ስም እንድትሸጥ ሲፈቅድልህ ነው፤ የባለቤትነት ማስተላለፊያ አይደለም። ሻጩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል (ቁጥር 2226፣ "አይሻርም" ብላችሁ ብትጽፉም ዋጋ የለውም)፣ ሲሞትም አብሮ ይሞታል። ስጦታ ነው ብሎ መጻፍም አያዋጣም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በቁጥር 2443 በግልጽ ኑዛዜ ፎርም (በምስክሮች ፊት ተጽፎና ተነብቦ በሚፈረም ኑዛዜ መልክ) መደረግ አለበት፤ የአርሶ አደር መሬት ደግሞ የሚተላለፈው ለቤተሰብ ነው፣ አንተ ቤተሰብ አይደለህም።

ቀብዱን በሚመለከት ቁጥር 1885ን ሁለቱም ወገን ይወቀው፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። 200 ሺህ ከፍለህ ከመሬት አስተዳደር መጥፎ ደብዳቤ ቢመጣና አንተ ብትተወው 200 ሺህህ ሄደ ማለት ነው። ያንን ካልፈለግህ ወረቀቱ ላይ "ከመሬት አስተዳደር ቦታው በሻጭ ስም ያልተመዘገበ ወይም ለሌላ አገልግሎት የተመደበ መሆኑ ከተገለጸ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለገዢ ይመለሳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ሜትር ይዤ፦

የወረቀቱን ነገር ጨርሳችሁታል። እኔ ቦታው ላይ ልውሰድህ።

50 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ችካልና አንድ ረዳት ይበቃሃል። አራቱን ጎን ለክተህ 10፣ 20፣ 10፣ 20 መጣ ብለህ አታቁም፤ ሁለቱን ሰያፍ ለካ። ቦታው ትክክለኛ አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱም 22.36 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ 21.50፣ ሌላው 23.19 ቢመጣብህ ጎኖቹ ልክ ሆነው ቦታው ግን አዘንብሏል፤ በ20 ሜትሩ ጫፍ ላይ ወደ 1.90 ሜትር ገደማ ወደ አንዱ ጎረቤት ገብቷል ማለት ነው። ስፋቱ ብዙም አይጎድልም (199 ካሬ ይሆናል)፣ አጥሩን ስታፈርስና ስትሠራ ግን ጎረቤት ይከስሃል። የአርሶ አደር ማሳ በገመድና በእርምጃ ስለሚቆራረስ ይሄ ስህተት የተለመደ ነው።

"ጂፒኤስ ተወስዶለታል" ካሉህ በምን እንደተወሰደ ጠይቅ። በስልክ ወይም በእጅ ጂፒኤስ የተወሰደ ነጥብ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ 10 ሜትር ስፋት ላለው ቦታ 5 ሜትር ግማሹ ነው። በቶታል ስቴሽን ወይም በአርቲኬ (በሳንቲ ሜትር ደረጃ በሚለኩ የቅየሳ መሣሪያዎች) የሚሠራ ቀያሽ ቅጠርና የአራቱን ማዕዘን ኮኦርዲኔት አስወጣ። ከከተማው ፕላን ጋር ሲያነጻጽር ሁለቱም አንድ ዓይነት ዳተም (ኮኦርዲኔቱ የሚቆጠርበት መነሻ) መጠቀማቸውን ይይ፤ አንዱ አዲንዳን ሌላው ደብልዩጂኤስ 84 ከሆነ ቦታህ ፕላኑ ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ዘሎ የሰው ሰፈር ላይ ያርፋል፣ አንተም "መንገድ ላይ አይደለም" ብለህ በከንቱ ትደሰታለህ። ዋናው መታየት ያለበት የመንገዱ መስመር ነው። አሁን 4 ሜትር ሆኖ የምትገባበት ኮሪደር ፕላኑ ላይ 10 ወይም 15 ሜትር ተብሎ ከተሣለ የፊት ክፍልህ የሚሄደው ለመንገድ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። የሐዋሳ የሐይቁ ዳርና ዝቅ ያለው ወገን የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ጨፌ የሚለው ስም ራሱ ረግረጋማ ሜዳ ማለት ነው፣ አያቶች በከንቱ አልሰየሙትም። ቤቱን በጥር አይተህ አትፈርም፣ በነሐሴ እየው። እስከዚያ መጠበቅ ካልቻልክ ከውስጥ በኩል የግድግዳውን ታችኛውን 50 ሳንቲ ሜትር ተንበርክከህ ተመልከት። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነስቶ፣ ከሥሩ ነጭ የጨው ዱቄት ካለና ልስኑን በጣትህ ስትፍቀው እንደ አሸዋ ከረገፈ ውሃው በመሠረቱ በኩል እየተሳበ ነው። ሰሞኑን ከታች ብቻ የተቀባ ግድግዳ ካየህ ለምን ብለህ ጠይቅ። ሽንት ቤቱን ክፈትና ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እይ፤ በክረምት የሚሞላ ጉድጓድ በየዓመቱ ማስመጠጫ ይበላሃል። ግቢው ጥግ ላይ 2 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍረህ አሳድረው፤ ጠዋት ውሃ ካገኘህበት መሠረቱ የተሠራው እዚያ ውሃ አጠገብ ነው።

ካርታ ከሌለ የግንባታ ፈቃድም የለም፤ በሕንፃ አዋጁ ፈቃድ ለመጠየቅ የይዞታ ማስረጃ ይቀርባል። አንድ ክፍል ልጨምር ብትል ወይም አጥር ልቀይር ብትል ቆመህ ትቀራለህ። ባንክም በቤቱ አያበድርህም።

ቤት ፈላጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ደረሰኙን ደግሜ አየሁት፤ "የገጠር መሬት መጠቀሚያ" ነው የሚለው፣ ስፋቱም 0.75 ሄክታር ተብሏል፣ በአባትየው ስም። የሻጩ እናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ልጆቹ አምስት ናቸው። አባትየው እፈርማለሁ ብለዋል። የእሳቸው ፊርማ አይበቃም?

የውርስ ነገር፦

አይበቃም፣ ወንድሜ። የደብተሩን ዋናውን አምጣና የመጀመሪያውን ገጽ ተመልከት። በደቡብ በኩል የተሰጠው ደብተር የባልም የሚስትም ስም ያለበት ነው። እናትየው ከተመዘገቡ ማሳው የሁለቱ የጋራ ይዞታ ነበር፤ ሲያርፉ የእሳቸው ድርሻ ወደ ወራሽ ሄዷል። አባትየው የሚፈርሙት በራሳቸው ድርሻ ላይ ብቻ ነው። አራቱ እህት ወንድሞች ደግሞ ሻጭህ ለብቻው ቆርሶ የሸጠውን ነገ "የእናታችን ነው" ብለው ሊጠይቁህ ይችላሉ።

መታየት ያለበት የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። በዚያ ላይ የተዘረዘረው ሰው ሁሉ በአካል ይቀርባል፤ ከአገር ውጭ ያለ ካለ በኤምባሲ የተረጋገጠና "ለመሸጥ" የሚል ቃል በግልጽ የገባበት ውክልና ያስፈልጋል፣ አጠቃላይ ውክልና ቤት አያሸጥም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ብቻውን መፈረም አይችልም፣ ፍርድ ቤት ይፈቅድ።

ሻጩ ራሱስ ባለትዳር ነው? ቤቱን የሠራው ከጋብቻ በኋላ ከሆነ የሚስቱ ነው፣ የእሱም ነው። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፤ ያልፈረመችው ሚስት ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። "ሚስቴ ተስማምታለች" አይበቃም፤ ራሷ ትቅረብ፣ ራሷ ትፈርም። አባትየው እንደገና አግብተው ከሆነም ጠይቅ። ሴቶቹን ሳያናግሩ የተፈረመ ውል ነው ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት የሚውለው።

ማኅደር አገላባጭ፦

ደረሰኙ ነገሩን ጨረሰው። 0.75 ሄክታር ማለት 7,500 ካሬ ነው፤ ያንተ 200 ካሬ በየትኛውም መዝገብ ላይ ለብቻው የለም። ከተማው ነገ ማሳውን ለልማት ቢወስደው የካሣ ክፍያው በአዋጅ 1161/2011 የሚታሰበው ለባለይዞታው ነው፤ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለው ሰው ይከፈለዋል፣ አንተ ቤቱን ታፈርሳለህ። እኔ በ1.65 ቀርቶ በግማሹም እንዲህ ሆኖ ግዛ አልልህም።

ሆኖም ሻጩ ሥርዓት ማስያዙን ራሱ ይጀምር ካለና አንተም መጠበቅ ከቻልክ ገንዘቡን ከወረቀቱ ቀድሞ አታስኬደው። አሁን ምንም አትክፈል። ወራሾቹ ተስማምተው የድርሻ ክፍፍሉ ተመዝግቦ፣ የክፍለ ከተማው ደብዳቤ በሻጩ ስም ከወጣ በኋላ ትንሽ ቅድመ ክፍያ፤ አብዛኛው ገንዘብ ግን ካርታው በስሙ ወጥቶ ውልና ማስረጃ በምትፈራረሙበት ቀን፣ እስከዚያም በሁለታችሁ ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ጥሬ ገንዘብ በእጅ አይሰጥ። ባንክ ስታስተላልፍ የክፍያ ምክንያቱ ቦታ ላይ "ለቤት ግዢ ቅድመ ክፍያ" ብለህ የሻጩን ሙሉ ስም ጻፍ፤ ደላላው አካውንት ውስጥ አታስገባ። በስም ማዞሪያው ጊዜ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ አለ፤ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ካርታው በሊዝ ከወጣ የሊዙ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚቀጥለውም ይጻፍ።

ክፍለ ከተማ የምትሄዱበትን ቀን ዛሬውኑ ከሻጩ ጋር ቁረጥ። አባትየው ዋናውን ደብተር ይዘው ይምጡ፤ በፎቶ ኮፒ ማመልከቻ አይቀበሏችሁም። "ደብተሩ ሌላ ሰው ጋ ነው" ካሉህ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነና ስንት እንዳበደራቸው ሳትጠይቅ ከዚያ አትነሳ።